ኑዛዜያችሁ ፍርድ ቤት ሲደርስ እንዳይወድቅ፦ ጅማ ላለ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

አጎቴ ኑዛዜውን የጻፈው ከልጁ ደብተር በገነጠለው ሉክ ነው። ማን ምን እንደሚወስድ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ቤቱ ለሚስቱ፣ ሁለቱ ባጃጆች ለወንዶቹ፣ የባንክ ገንዘቡ ለሴቶቹ። አራት ሰው ፈርሞበታል። ሁለቱ የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ወረቀቱ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከካርታው ፎቶ ኮፒና ከእድር ደብተሩ ጋር ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከተቃዋሚው ጠበቃ የመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ይህ ጽሑፍ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቧል የሚል ቃል የት አለ?»

የለም። ሽማግሌዎቹ «በጆሯችን ሰምተናል፣ ሲነበብ ነበርን» ብለው ቢምሉም ወረቀቱ ራሱ አይልም። ኑዛዜው ወደቀ። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ለሚስቱ እንዲሆን የፈለገው ሰው ቤቱ ለአምስት ተከፈለ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ለዘመድና ለጎረቤት ስንት ኑዛዜ አብሬ እንዳረቀቅሁ አላስታውስም። ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሳታዛንፉ ሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ኑዛዜ ከሌለ ምን ይሆናል?

ይህን ሳያውቁ ኑዛዜ መጻፍ መንገዱን ሳይጠይቁ እንደ መውጣት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ (የ1952 ዓ.ም. ሕግ ነው፣ ውርስ ላይ ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው) ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው ንብረት በመጀመሪያ የሚሄደው ለልጆቹ ነው። እኩል ለእኩል። ወንድ ሴት የለም፣ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ የለም። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱን ድርሻ ልጆቹ ይወስዳሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ ውርሱ ወደ አባትና እናት ይወጣል።

ሚስት ወይም ባልስ? ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። ባልና ሚስት በሕግ ወራሾች ዝርዝር ውስጥ የሉም። የሚቀረው የትዳር ጓደኛ የሚወስደው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው፤ ያ ደግሞ ውርስ ሳይሆን የራሱ ድርሻ ነው።

በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት አላቸው፤ አራት ልጆችም አሏቸው። ባል ያለ ኑዛዜ ቢሞት 2 ሚሊዮኑ የሚስት ነው። ቀሪው 2 ሚሊዮን ለአራቱ ልጆች 500 ሺህ 500 ሺህ ይደርሳል። ሚስት ከሟቹ ግማሽ ላይ ሰባራ ሳንቲም አታገኝም። ልጆቹ «ድርሻችንን አምጪ» ካሉ ቤቱ ሊሸጥ ይችላል። እሷ ያረጀችበት ቤት።

ሌላው፣ «እንደ ልጄ ያሳደግኩት» የምትሉት ልጅ ነው። ጉዲፈቻው በሕግ መንገድ ተጠናቆ ካልጸደቀ በስተቀር ያ ልጅ በሕግ አይወርሳችሁም። (ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛችን ያገኘው ከዚሁ ከኦሮምኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን ዛሬም ያስፈልጋል።) እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ወይ ጉዲፈቻውን ጨርሱ፣ ወይ በኑዛዜ ስሙን ጻፉ።

ደረጃ 1፦ ወረቀት ሰብስቡ

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ፋይል ግዙና እነዚህን አስገቡ፦

- የቤት ካርታና የግብር ደረሰኞች
- የገጠር መሬት ካለ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር
- የመኪና፣ የባጃጅ፣ የሞተር ሊብሬ
- የባንክ ደብተሮች፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት፣ የኢንሹራንስ ውል
- የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት
- የብድር ውሎች፣ የእቁብ ዕዳ፣ ያበደራችሁት ገንዘብ ማስረጃ

የጋብቻ ወረቀት የሌላችሁ አሁኑኑ አውጡ። «ሰርጋችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» አትበሉ። ሰፈሩ ያውቃል፤ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ሚስትነቷን በምስክር የምታስረዳ ሴት በቀጠሮ ስንት ወር እንደምትመላለስ አይቻለሁ።

በሁሉም ወረቀት ላይ ስማችሁን አስተያዩ። ካርታው ላይ ከአያት ስም ጋር፣ መታወቂያው ላይ በሌላ አጻጻፍ፣ ባንኩ ጋ በክርስትና ስም ወይም በሰፈር መጠሪያ ከሆነ አሁን አስተካክሉ። በተለይ እዚህ እኛ ጋ አንዱ ስም ባንዱ ወረቀት በአማርኛ፣ በሌላው በኦሮምኛ ቁቤ ይጻፋል፤ ፊደሉ ሲመለስ ስሙ ሌላ ሰው ይመስላል። ሰውየው በሕይወት እያለ በአንድ ማመልከቻ የሚያልቅ ጉዳይ ከሞተ በኋላ ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል።

ደረጃ 2፦ የማን እንደሆነ ለዩ

አንድ ነጭ ወረቀት ለሦስት ክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ የግል፣ በሁለተኛው የጋራ፣ በሦስተኛው የኔ ያልሆነ ብላችሁ ጻፉ።

በትዳር ዘመን የተፈራ ነገር፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ፣ ወይም በውርስና በስጦታ ለአንዳችሁ ብቻ የደረሰ የግል ነው፤ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ከእናታችሁ በወረሳችሁት ገንዘብ ቤት ከገዛችሁ ያንን የሚያሳይ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው ዓምድ ችላ የሚባለው ነው። በእናንተ ስም ያለ ግን የወንድማችሁ የሆነ ባጃጅ፣ በአደራ የያዛችሁት የቡና ሽያጭ ገንዘብ፣ «ለጊዜው በስምህ ይሁን» ተብሎ የተመዘገበ ቦታ። ይህን ሳትጽፉ ከሄዳችሁ ልጆቻችሁ የአባታችን ነው ይላሉ፣ ወንድማችሁ የኔ ነው ይላል፣ ዝምድናውም እዚያ ላይ ያከትማል።

ማሳሰቢያ፦ በኑዛዜ መስጠት የምትችሉት የራሳችሁን ብቻ ነው። ባል «ቤቴን ለትልቁ ልጄ» ብሎ ቢጽፍ ከሚስቱ ግማሽ ላይ አንዲት ቆርቆሮ መስጠት አይችልም።

ደረጃ 3፦ በኑዛዜ የማይተላለፈውን አውጡ

የቀበሌ ቤት፦ ኪራይ ነው፤ አታወርሱትም።

ጨረቃ ቤት፦ ካርታ የሌለው ቤት ላይ ኑዛዜ ብትጽፉም ወራሻችሁ ስም ማዞር አይችልም። መጀመሪያ ሕጋዊ የማድረጉን ጉዳይ ጨርሱ።

ጡረታ፦ የጡረታ አበል የውርስ ንብረት አይደለም። በጡረታ ሕጉ መሠረት በቀጥታ ለሚስት ወይም ለባል፣ ለልጆችና ለወላጆች የሚሄድበት የራሱ መንገድ አለው። ኑዛዜ ውስጥ አትዘርዝሩት።

የሕይወት ኢንሹራንስ፦ ውሉ ላይ ተጠቃሚ ከተሰየመ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ አይገባም። ካልተሰየመ ይገባል። ውሉን አውጡና ማን ተብሎ እንደተጻፈ ተመልከቱ። ከማግባቱ በፊት ኢንሹራንስ ገብቶ እህቱን ያስመዘገበና ረስቶት የቀረ ሰው ብዙ ነው።

የገጠር መሬት፦ ጅማ ላይ ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። አጋሮ፣ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ወይም ሰቃ ጨቆርሳ የቡና መሬት ያለው የከተማ ሰው ሞልቷል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ያ መብት ለማን እንደሚተላለፍ ደግሞ የገጠር መሬት ሕጉ የራሱን ገደብ ያስቀምጣል። የፌዴራሉ ሕግ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1324 ተቀይሯል፤ ኦሮሚያም የራሱ የመሬት አዋጅ አለው። ስለዚህ «የጎማውን መሬት እኩል ተካፈሉ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት መሬቱ ያለበት ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። ደብተሩ ላይ የማን የማን ስም አለ? ከተማ የሚኖር ልጅ መውረስ ይችላል ወይ? መሬቱ ሲከፈል ዝቅተኛው መጠን ስንት ነው? መልሱን ይዛችሁ ኑና ጻፉ። በላቡና በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረትና ያደረገውን ቋሚ ማሻሻያ ግን ሰው ማውረስ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይላል፤ ስለዚህ ቡናውንና ቤቱን ከመሬቱ ለይታችሁ መጻፍ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ የኑዛዜውን ዓይነት ምረጡ

ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ነው።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ። ራሳችሁ ወይም እናንተ እየነገራችሁት ሌላ ሰው ይጽፈዋል። በእናንተና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው የሚሆነው ይሄኛው ነው፤ በጣት አሻራ ይፈረማል።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በራሳችሁ እጅ ትጽፉታላችሁ። ምስክር አይጠይቅም። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኖራል። በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ዋጋ ያጣል። ይቺን ሰባት ዓመት የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። ትራስ ሥር አሥር ዓመት የተኛ ኑዛዜ ወረቀት ብቻ ነው።

የቃል ኑዛዜ። ሞቱ የተቃረበ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ሊያዝበት የሚችለው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትናንሽ ልጆቹ አሳዳሪነትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። አዎ፣ አምስት መቶ ብር። ሰውየው ተሽሎት ሦስት ወር ከቆየም ቃሉ ይሽራል። «አባባ ሲሞት ቤቱን ለኔ ብሎኛል» የሚል ሁሉ ይህን ያንብብ።

የኔ ምክር፣ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ ከተቻለም ሰነድ አረጋጋጭ ፊት አድርጉት። ጣጣው ትንሽ ይበዛል፣ ክርክሩ ግን ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ ጻፉት

ቋንቋውን አስቀድማችሁ ወስኑ። ይህ የጅማ ሰው ልዩ ጉዳይ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ኑዛዜ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ትርጉም ይፈለጋል። ከዚያ በላይ የሚያሰጋው ምስክሮቹ ናቸው። ሕጉ ምስክሩ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ እንዲያውቅ ያዛል። በአማርኛ የጻፋችሁት ኑዛዜ ላይ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰሙ ሽማግሌ ካስፈረማችሁ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ክርክሩን በራሳችሁ እጅ አዘጋጅታችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። ሽማግሌው የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ።

አጻጻፉ ቀላል ይሁን። ይህን ቅርጽ ተጠቀሙ፦

«እኔ (ሙሉ ስም ከነአያት)፣ ዕድሜ ( )፣ አድራሻ ጅማ ከተማ ( ) ቀበሌ፣ በሙሉ ፈቃዴና በጤናማ አእምሮዬ ይህን ኑዛዜ አድርጌያለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ ቢኖር በዚህ ተሽሯል። ሚስቴ ( ) ትባላለች። ልጆቼ ( )፣ ( )፣ ( ) ናቸው።»

ከዚያ ንብረቱን አንድ በአንድ ጻፉ። «ቤቴን» ብቻ አትበሉ። «ቦሳ ቂጦ ያለው፣ የካርታ ቁጥሩ ይህ የሆነ፣ ከባለቤቴ ጋር የጋራ የሆነው ቤት ውስጥ ያለኝን ግማሽ ድርሻ» በሉ። ባጃጁን በሰሌዳ ቁጥሩ፣ ሂሳቡን በባንኩ ስምና በሂሳብ ቁጥሩ ጻፉ። የሚስጥር ቁጥር ግን፣ የቴሌብርም ሆነ የባንክ፣ ኑዛዜ ላይ አይጻፍም።

የምትሰጡት ለሚስታችሁ ከሆነ ስሟን ጥሩና ስጡ። የአጎቴ ፍላጎት ይኸው ነበር፤ ሕጉም ይፈቅዳል። በሕግ ወራሽ ያልሆነች ሚስት በኑዛዜ ተጠቃሚ ትሆናለች።

ሁለት የአጻጻፍ ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው፣ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት መናዘዝ ነው። ደስ ይላል፣ ፍቅር ይመስላል፤ ግን ፈራሽ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ መናዘዝ አይችልም። ሁለት ወረቀት አዘጋጁ፣ ሁለታችሁም ለየብቻ አስነብቡ።

ሁለተኛው ልጅን ከውርስ መንቀል ነው። «እከሌን ነቅዬዋለሁ» ብሎ ዝም ማለት አይሠራም። ምክንያቱን እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ ግድ ነው። ሳይነቅሉ በጣም ማሳነስም ጣጣ አለው፤ ድርሻው ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉን በፍርድ ቤት ሊቃወም ይችላል። ተናዳችሁ በሆናችሁበት ሳምንት ኑዛዜ አትጻፉ። ይህ ሕግ አይደለም፣ የኔ ምክር ነው።

ትናንሽ ልጆች ካሉና ሌላው ወላጅ ከሌለ፣ ማን እንደሚያሳድጋቸውና ንብረታቸውን ማን እንደሚጠብቅ ስም ጠቅሳችሁ ጻፉ። የምትጽፉትን ሰው መጀመሪያ ጠይቁት። ሳይጠየቅ ተጽፎ ለቅሶ ቤት ላይ «እኔ አልችልም» ያለ ዘመድ አውቃለሁ።

ደረጃ 6፦ ንባቡና ፊርማው

እዚህ ቀስ በሉ። አብዛኛው ኑዛዜ የሚወድቀው በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ በሚፈጠር ስህተት ነው።

1. አራት ምስክር ጥሩ። ሁሉም 18 ዓመት የሞላቸው፣ የሚሰሙ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ይሁኑ። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው፣ ባሉ ወይም ሚስቱ ምስክር አይሁኑ። በዕድሜ ከእናንተ የሚያንሱ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ አራቱም የሰማንያ ዓመት አዛውንት ከሆኑ ከእናንተ ቀድመው ሊሄዱ ይችላሉ።

2. ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አስቀምጡ። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት መጥቶ አይፈርምም። ቡና ይፈላ፤ ግን ንባቡ ሳያልቅ ማንም አይውጣ።

3. ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ይነበብ። ስልክ ቢጮህ፣ አንድ ምስክር ቢወጣ፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ከላይ ጀምሩ።

4. ከመፈረማችሁ በፊት ይህች ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ መኖሯን በጣታችሁ እየነካችሁ አረጋግጡ፦

«ይህ ኑዛዜ ዛሬ ( ) ቀን ( ) ዓ.ም. በጅማ ከተማ በተናዛዡና ከዚህ በታች ስማቸው በተገለጸው አራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ተናዛዡም ቃሌ ነው ብሎ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ ፈርመናል።»

በአጎቴ ወረቀት ላይ የጠፋችው ይህች ናት። መነበቡ ብቻ አይበቃም። መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለባቸው።

5. ወዲያው ፈርሙ። ተናዛዡ በየገጹ፣ ምስክሮቹም በየገጹ ቢፈርሙ ይሻላል። ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጻፍ። አሻራ የሚያደርግ ካለ የማን አሻራ እንደሆነ ጎኑ ላይ ይጻፍ።

6. ስርዝ ድልዝ ከተፈጠረ አዲስ ወረቀት ላይ ገልብጡና እንደገና አስነብቡ። በኮሬክሽን የጠፋ ቃል ለጠበቃ ስጦታ ነው።

ተናዛዡ ታሞ ወይም በጣም አርጅቶ ከሆነ፣ በዚያው ሳምንት ከሐኪም አእምሮው ንቁ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ብትይዙ ክፋት የለውም። «አባታችን ራሱን አያውቅም ነበር» የሚለው ክስ የተለመደ ነው።

ደረጃ 7፦ አስቀምጡት

የኑዛዜ ይዘት የሚረጋገጠው ዋናው ወረቀት ሲቀርብ፣ ወይም ከተቀመጠበት መዝገብ ቤት የተረጋገጠ ግልባጭ ሲመጣ ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ስለዚህ ዋናውን ሰነድ አረጋጋጭ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አስቀምጡ፤ የተቀበላችሁን ደረሰኝ ያዙ። ቤት ውስጥ የሚኖረው ደረሰኙና ግልባጩ ይሁን። ኑዛዜ መኖሩንና የት እንዳለ ከወራሾቹ ውጭ ላሉ ሁለት ሰዎች ንገሩ። ምን እንደሚል መንገር ግዴታ የለባችሁም።

ደረጃ 8፦ ሕይወት ሲቀየር ቀይሩት

ልጅ ከተወለደ ኑዛዜውን እንደገና ጻፉ። ኑዛዜው ከተጻፈ በኋላ የተወለደ ልጅ ውርሱን ሲቀበል የቀድሞው የኑዛዜ ስጦታ ሊፈርስ ይችላል። ከተፋታችሁ ደግሞ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የሰጣችሁት ይቀራል። ቤት ከሸጣችሁ፣ ሌላ ከገዛችሁ፣ የተሰየመው አሳዳሪ ከሞተ እንደዚሁ። ሲቀየር በጎን ማስታወሻ አትጻፉ፤ ሙሉውን አዲስ አድርጉና እንደገና ደረጃ 6ን ሥሩ።

«ለምን በሕይወት እያለሁ ስም አላዞርላቸውም?» የሚል አለ። ይቻላል፤ ግን ቤትን በስጦታ መስጠትም እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የሰጣችሁትን መመለስ ደግሞ እንደ ኑዛዜ ቀላል አይደለም። ቤቱን ለልጁ አዙሮ እሱው ቤት ተከራይ የሆነ ሰው ሰፈራችሁ ውስጥም አይጠፋም።

ሸሪዓን ለሚመርጡ

ጅማ ላይ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የቤተሰብና የግል ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። ስሌቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፤ ልጅ ካለ ስምንተኛውን፣ ከሌለ ሩቡን ታገኛለች። ባል ልጅ ካለ ሩቡን፣ ከሌለ ግማሹን። ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ይወስዳል። በኑዛዜ መስጠት የሚቻለው እስከ ሲሶ ነው፤ እሱም ወራሽ ላልሆነ ሰው። በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ ቤተሰቡ በሕይወት እያላችሁ ይነጋገርበት። ከወራሾቹ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ከሞት በኋላ፦ ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡና የሞት ምስክር ወረቀት አውጡ። ብዙ ኮፒ አረጋግጡ።

2. ኑዛዜውን ከተቀመጠበት አውጡ።

3. ሟቹ ይኖርበት በነበረው ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ። ንብረቱ የተወሳሰበ ከሆነ ወይም ካልተስማማችሁ ንብረቱንና ዕዳውን የሚለይ የውርስ አጣሪ እንዲሾም አመልክቱ።

4. ከክፍፍል በፊት ወጪ ይቀነሳል። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ። ከዚህ የተረፈው ነው ውርስ።

5. በፍርዱ ካርታ፣ ሊብሬና ሂሳብ ስም ይዞራል።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ሟቹ ሰጥቷችሁ በነበረው ውክልና ከሞቱ በኋላ ገንዘብ አታውጡ፣ አትሽጡ። ውክልና በመርህ ደረጃ ከሰጪው ጋር ይሞታል። «ለለቅሶው ወጪ ነው» ብላችሁ በኤቲኤም ያወጣችሁት ገንዘብም በኋላ ከወንድማችሁ ጋር ፍርድ ቤት ያገናኛችኋል። የእድሩን ድንኳንና ንፍሮ እድሩ ይችላል፤ ሌላውን ወጪ በደረሰኝ ያዙ።

ሲበላሽ

ኑዛዜው ላይ የንባቡ ቃል ከሌለና ሰውየው በሕይወት ካለ፦ አትጠግኑት። ዛሬውኑ አዲስ ጻፉ።

ከምስክሮቹ አንዱ ከሞተ፦ ኑዛዜው በዚህ ብቻ አይፈርስም። ፊርማው አለ፣ የቀሩት አሉ። ጊዜ ካላችሁ ግን አድሱት።

ሁለት ኑዛዜ ከተገኘ፦ ቀኑን ተመልከቱ። የሚጋጩ ከሆነ የሚጸናው የኋለኛው ነው። ቀን መጻፍን እንዲህ አጥብቄ የምነግራችሁ ለዚህ ነው።

ኑዛዜው ከወደቀ፦ ውርሱ ያለ ኑዛዜ እንደሚሆነው በሕጉ ይከፈላል። ለሚስት የጋራ ንብረቱ ግማሽ አሁንም የራሷ ነው፤ እሱን ማንም አይነካባትም። የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ድርሻዋ በቅድሚያ እንዲለይ ትጠይቅ።

አንድ ወራሽ ንብረቱን ጠቅልሎ ከያዘ፦ ዝም አትበሉ። መብታችሁንና ሰውየው ንብረቱን መያዙን ካወቃችሁ ጀምሮ ሦስት ዓመት ካለፈ የወራሽነት ክሳችሁ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ሊታገድ ይችላል። «ወንድሜን አልከስም» ብላችሁ ብትቆዩም ይርጋው ዝምድና አያውቅም። ሳትካሰሱ መብታችሁን ማቆየት ከፈለጋችሁ ክፍፍሉን በጽሑፍ ተስማሙና አስመዝግቡት።

ለጠበቃ አቅም ከሌለ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ፋይላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፋይሉ በደረጃ 1 የተዘጋጀ ከሆነ ጉዳያችሁ በአሥር ደቂቃ ይገባቸዋል።

የአጎቴ ሚስት አሁን ግማሹ ቤት ውስጥ ናት። ልጆቹ አልሸጡባትም፣ እግዜር ይስጣቸው። በቀደም ቡና ልጠጣ ስሄድ የራሷን ኑዛዜ አወጣችልኝ። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፣ ሁለት ገጽ። መነጽሯን አድርጋ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በጣቷ አሳየችኝና «ተነብቦ ይላል?» አለችኝ። ይላል አልኳት።